ሁለት ባትሪ ያስገዛኝ የቀለም ሥራ

ኅዳር ላይ የሱሉልታ ሌሊት አጥንት ድረስ ይገባል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። ወተቱ ተጭኗል። የወንድሜ ልጅ የግቢውን በር ከፍቶ ቆሟል። ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሸክም እንደበዛበት ሰው አንዴ አቃስቶ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ ብቻ። ከዚያ የዳሽቦርዱ መብራትም ደከመ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አሮጌ ፒክአፕ ይዘው በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ የሚሠሩ ሰዎችን አስቤ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ አንድ ቦቢና (የባትሪውን ቮልት አብዝቶ እሳት የሚፈጥረው) እና 4 ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳቱን የሚጭሩት) ገዝቻለሁ። ምናልባት ከመጀመሪያው ባትሪ በቀር አንዱም የመኪናዬ በሽታ አልነበረም።

ፒክአፗ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 12አር የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተርና እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር እንጂ ኮምፒውተር የላትም። ከሱሉልታ ዙሪያ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰብኩ አዲሱ ገበያ አካባቢ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። እሷን ሸጦ ሌላ መግዛት ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን እያከመ መኖር ነው።

የዚያን ሌሊት ጎረቤት ተጠርቶ ተገፍታ ተነሳች። «ባትሪው ሞቷል» አሉኝ። እውነትም አርጅቶ ነበር፤ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ያው ማቃሰት ተመለሰ። ጋራዥ ወሰድኳት። «ዲናሞው አይሞላም» ተባልኩ። ብዙዎቻችን ዲናሞ የምንለው አልተርኔተሩን ነው። የድሮው ተነቅሎ፣ ሬጉላተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ውስጡ ያለ ያገለገለ ዲናሞ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ተገጠመ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው እንደገና ወረደ። «የገዛሽው ባትሪ ጥራት የለውም» ተብዬ ሁለተኛ ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስትል ደግሞ «እሳቱ ደካማ ነው» ተባለ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። ቦቢናውም ተቀየረ።

ቦቢናው ከተቀየረ በኋላ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር መጣ። ወደ ከተማ ለመግባት የእንጦጦን ጀርባ መውጣት አለብን። ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ድርግም ይላል። አያስልም፤ አይንገጫገጭም። መብራት እንደሚጠፋ ጥፍት። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ሳዞረው ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። አንድ ቀን እንዲህ ቆሜ 60 ሊትር ወተት ረፍዶ ደረሰና አልተቀበሉኝም። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከእኛ ሰፈር በታች ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ አሉ። ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተነካ?»

ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። ጳጉሜን ላይ ለዓመት በዓሉ ቀለም አስቀብቻት ነበር። የሞተሩ ቤት ጭምር ተጠርጎ ተቀብቷል። ያኔ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

«ድርግም ማለቱስ ሳይጀምር ምን ተነካ?»

ቦቢናው።

«እንግዲህ ከሁለቱ ቦታ እንጀምራለን» አሉ። ይህ ጥያቄ ዋጋው ብዙ ነው። ጋራዥ ስትሄዱ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ እናንተ ራሳችሁን ጠይቁ። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ችግር ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ የሰው እጅ ባረፈበት ቦታ ነው።

ከቤታቸው ያመጡት አንድ ትንሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ብቻ ነበር። ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እኔም አሁን አንድ አለኝ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ በዚያች ቴስተር የተደረገ ነው።

መጀመሪያ ባትሪው። መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስላደረች ልኬቱ ትክክለኛውን ይናገራል። አሁን ከተነዳች መኪና ላይ ከለካችሁ ግን ባትሪው ከላይ ከላይ የሞላ መስሎ ይታያል። እንደዚያ ከሆነ ፓውዛውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ጥቂት ቆይታችሁ ለኩ። በደንብ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ወደ 11.9 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የእኔ 12.3 አለ። ገና አዲስ ባትሪ ነው እንግዲህ። የተራበ እንጂ የሞተ አልነበረም።

ቀጥለው የቦቢናውን የመሃል ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅለው ሞተሩ ብረት ላይ አስጠጉት። ይህ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። እኔ ቁልፉን አዞርኩ፤ እሳቸው የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለኩ። 10.4 ቮልት። ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪውን መውቀስ አይገባም አሉኝ። ብርድ ላይ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የእኔ ባትሪ ግን ሥራውን እየሠራ ነበር። ሞተሪኖው ደግሞ እንደታመመ ይዞራል። ታዲያ ኃይሉ የት እየቀረ ነው?

እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። እኔ ገመድ ይሠራል አይሠራም የሚባለው ጫፍና ጫፉን ነክቶ ቴስተሩ ሲጮህ ይመስለኝ ነበር። ከመቶ የመዳብ ክር አንዷ ብቻ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ይጮሃል። በዚያች አንድ ክር ግን ሞተሪኖ አይዞርም። ሞተሪኖ 100 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። ስለዚህ ገመድ የሚፈተነው ሸክም ተሸክሞ ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርገው «አዙሪ» አሉኝ። ሁለቱ ነጥቦች በወፍራም ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ በመካከላቸው ቮልት መኖር የለበትም ማለት ይቻላል። እስከ 0.2 ይታለፋል። ቴስተሩ 2.3 አሳየ።

ከባትሪው 10.4 ቮልት ውስጥ 2.3ቱ እመንገድ ላይ ይቀራል። የተረፈው ነው ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው።

ጋሼ ኔጌቲቩን ገመድ በእጃቸው ተከተሉት። ይህ ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ መታሰር ነበረበት። ለቀለሙ ሲፈታ ወፍራሙ ገመድ ቦዲው ላይ ታስሯል። ከቦዲው ወደ ሞተሩ ደግሞ አንድ ቀጭን አሮጌ ገመድ ተዘርግቷል። ያም የታሰረው በቀለሙ ላይ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ጥርሱ ብቻ ትንሽ ብረት ነክቷል። ከላይ ሲታይ ግን ሁሉም ጥብቅ ነው፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ ጋሼ፣ ቀለሙን በጥፍራቸው እየፋቁ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ታኅሣሥ ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር በካቦ ሊያስነሳልኝ ጥቁሩን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሲያስር ወዲያው ነበር የተነሳችው። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ጥቁሩን የባትሪዬ ራስ ላይ ሲያስር ደግሞ አቃሰተች እንጂ አልተነሳችም። ያኔ የሁለተኛው ሰው ባትሪ ደካማ መሰለኝ። መልሱ ግን እዚያው ነበር። የመጀመሪያው ሰው ሳያውቀው የተበላሸውን ገመድ ዘሎታል።

ስለዚህ ቴስተር የሌለው ሰው እንኳ ይህን መሞከር ይችላል። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ። የማስነሻ ካቦ አንዱን ጫፍ የባትሪያችሁ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የራሳችሁ ሞተር ብረት ላይ እሰሩ። ሌላ መኪና አያስፈልግም። ሞተሪኖው በድንገት ከበረታ በሽተኛው ባትሪው አይደለም፤ የኔጌቲቩ መንገድ ነው። ፖዘቲቩን ብቻ እንዳትነኩ። ፖዘቲቭን ከሞተር ብረት ጋር ማገናኘት እሳት ማስነሳት ነው።

ወደ መሙላቱ እንሂድ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ ፓውዛው በርቶ ባትሪው ላይ ሲለካ 13.1 አሳየ። ጤነኛ መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ማሳየት አለበት። ጋራዥ ሲለካ ያዩትም ይህንኑ ነበር፤ ስለዚህ ዲናሞውን ወቀሱ። ጋሼ ግን ዲናሞው ራሱ ላይ ለኩ። አንዱን ጫፍ የዲናሞው ወፍራም ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው ገላ ላይ አደረጉ። 14.2። ዲናሞው ሙሉ ጤነኛ ነው። ያመረተውን ግን ባትሪው አላገኘውም።

ከዲናሞው እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ሲለኩ 0.5 ጠፍቷል። ከዲናሞው ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለኩ 0.6 ጠፍቷል። ሁለቱን ደምሩ፤ 1.1 ነው። ከ14.2 ላይ ቀንሱት፤ 13.1 ይመጣል። ሒሳቡ ልክክ ሲል ሳይ ደነገጥኩ። ሦስት ወር ሙሉ በግምት የገዛሁት ሁሉ በአንድ የመቀነስ ሒሳብ ተፈታ።

ለምን ዲናሞው ራሱ ጨምሮ አልሰጠም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። የተገጠመልኝ ዲናሞ ሬጉላተሩ ውስጡ ነው። ቮልቱን የሚለካው እዚያው በራሱ ብሎን ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የታሰረው። በራሱ ደጃፍ 14.2 ካየ ሥራውን ጨርሷል። ባትሪው ጋ ስንት እንደደረሰ አያይም። የእኔ ሥራ ደግሞ ባሰበት። ሌሊት ነው የምነዳው፤ ሁለቱ ፓውዛ ብቻቸውን 9 አምፔር ያህል ይበላሉ። መንገዴ አጭር ነው። ካፌዎቹ በር ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጥ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየሠራ) እቆማለሁ፤ በሚኒሞ ዲናሞ ብዙ አያመርትም። ባትሪው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሄደ። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ ደግሞ ውስጡ በድኝ ጨው ይጋገርና ዕድሜው ያጥራል። ሁለቱን ባትሪዎቼን ያስራባቸው ይህ ነው።

ቀዩ የባትሪ መብራት ለምን አልበራም? እሱ መብራት ዲናሞው ጭራሽ ሲያቆም ነው የሚናገረው። ባትሪው ጋ 13 ይድረስ 14 አያውቅም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት መብራት አለበት፤ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ካልበራ አምፖሉን ወይም ፊውዙን እዩ። በብዙ ዲናሞ የመጀመሪያውን ጉልበት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ያው የመብራቱ መስመር ነው።

ስለ ዲናሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባል ፈተና አለ። እኔም ፊት ተደርጓል። እባካችሁ አታስደርጉ። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት በቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል። ዳዮዶቹንና ሬጉላተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ደህና የነበረን ዲናሞ እዚያው ትገድሉታላችሁ።

ሌላ ቀላል መፈተኛ አለ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን አታስነሱ። ካቻቢቴ ወስዳችሁ የዲናሞውን ኋላ፣ ኩሽኔታው ያለበትን መሃል አስጠጉ። ማግኔት ሆኖ ከሳበው ውስጡ ኤሌትሪክ ገብቷል፤ ወደሚዞረው ክፍል ኤሌትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖችም ይነካሉ። ካልሳበው ካርቦኑ አልቋል፣ ወይም የሬጉላተሩ መስመር ተቋርጧል። ከዚህ በፊት ግን ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) ጫን አድርጋችሁ እዩት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አልፎ ከሰመጠ ላልቷል። ፓውዛ ሲበራ የሚያፏጭ ከሆነም እንዲሁ። ቺንጋ ለማጥበቅ ዲናሞ የሚያስቀይሩ ሰዎች አይቻለሁ።

መኪናዬ ቆማ ስታድር የምትበላው ኤሌትሪክም ተለክቷል፤ ምንም አልነበረም። ሬዲዮ ወይም ማንቂያ ያላችሁ ግን ኔጌቲቩን ነቅላችሁ ቴስተሩን በአምፔር በመሃል አስገብታችሁ ለኩ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ አንድ ነገር ሌሊት እየጠጣ ነው። ፊውዝ በፊውዝ እየነቀላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ጥገናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ብረቱ እስኪያበራ። አዲስ ወፍራም የመዳብ ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ታሰረ። ከሞተሩ ወደ ቦዲ ሌላ ገመድ ተጨመረ። የዲናሞው ብሎን ሥር የጠቆረው ቀለበት ተወለወለ። ከላይ ግሪስ ተቀባ፤ ዝናብና ዝገት እንዳይገባ። ከታሰረ በኋላ እንጂ ከመታሰሩ በፊት ግሪስ አይቀባም። ባትሪውን ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አሳደርነው። ሲለካ፣ ሞተሪኖው ሲዞር በኔጌቲቩ መንገድ የሚባክነው ቮልት ከ2.3 ወደ 0.15 ወረደ። መሙላቱ 14.0 ሆነ።

ዳገት ላይ ድርግም ማለቱ ግን ገና አልተፈታም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስረዳ። ጠዋት «እሳቱ ደካማ ነው» የተባለው ውሸት አልነበረም። ዲስትሪቢዩተሩ ኔጌቲቭ የሚያገኘው በሞተሩ ብረት በኩል ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ሞተሩ ላይ 2.3 ቮልት ይጠፋ ነበር ብያችኋለሁ። ያው ጉድለት ቦቢናውንም ይነካዋል። ስለዚህ እሳቱ በእርግጥ ደክሞ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የካንዴላውም የቦቢናውም አልነበረም። የመሙላት ችግርና የእሳት ችግር እንዲህ ይመሳሰላሉ። ባትሪና ገመድ ሳይጣራ ካንዴላ መቀየር የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼ አብረውኝ ተሳፈሩ። ዳገቱ መሃል ላይ ድርግም አለች። «ቁልፉን አትዝጊ» አሉኝ። ጠርዝ አስይዤ አቆምኩ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግን።

በመንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋባችሁ አጠፋፉን አስተውሉ። እያነቀው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እየደከመ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ነው። እንደ አምፖል ድርግም ካለ ኤሌትሪክ ነው። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን የት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል። ደግሞ ወዲያው ነው መለካት ያለበት። ሲቀዘቅዝ ምልክቱ ይጠፋል። እኔ ጋራዥ ሳደርሳት ሁልጊዜ ደህና የምትሆነው ለዚህ ነበር።

የእኔ ዓይነት አሮጌ ሞተር ቦቢናው አጠገብ ነጭ የሸክላ ረዚስተር አለው። ብዙ ሰው አያየውም። ሥራው ይህ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልት ስለሚወርድ ቦቢናው በሌላ መስመር በቀጥታ ከባትሪው ይመገባል። ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በረዚስተሩ በኩል የተቀነሰ ቮልት ያገኛል። ካልተቀነሰለት ቦቢናውም የዲስትሪቢዩተሩ ኮንታክትም (የቦቢናውን ኤሌትሪክ እያገናኘ የሚያቋርጠው) ይቃጠላሉ።

ጋሼ ረዚስተሩ መግቢያ ላይ ለኩ፤ 12.1። መውጫው ላይ ለኩ፤ ዜሮ። «አስነሺ» አሉኝ። ሞተሪኖው ሲዞር ሞተሩ ተነሳ። ቁልፉን ስለቀው ጠፋ። ደግሜ አዞርኩ፤ ተነሳ፤ ስለቀው ጠፋ። ይህን ምልክት ያዙልኝ። ሲዞር ተነስቶ ቁልፍ ሲለቀቅ የሚጠፋ መኪና ካንዴላ አይፈልግም። ረዚስተሩን ወይም የቁልፉን ውስጥ ነው ማየት።

ሸክላው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር። ሲሞቅ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ቦቢናው ሲቀየር አብሮ ተፈትቶ በጉልበት የታሰረ ይመስለኛል። ያኔ ቤት ለመድረስ ጋሼ ረዚስተሩን በአጭር ሽቦ አለፉት። አስነሳንና ቀስ ብለን ተመለስን። ይህ ለመዳኛ ብቻ ነው። እንዲያ አድርጎ ሳምንት መንዳት አዲሱን ቦቢና ማቃጠል ነው። በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ወርጄ ረዚስተር አገኘሁ። ባትሪ ከገዛሁበት ጋር ሳነጻጽረው ምንም ማለት ነው።

ቦቢና የምትገዙ ሰዎች፣ ገላው ላይ ረዚስተር ይፈልግ እንደሆነ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ካልተጻፈ ሁለቱን ትንንሽ ጫፎች በኦም ለኩ። ረዚስተር የሚፈልገው 1.5 ኦም ግድም ነው። የማይፈልገው 3 ኦም ግድም ነው። 3 ኦሙን ረዚስተር ካለው መኪና ላይ ብታስሩት እሳቱ ይደክማል። 1.5ቱን ያለ ረዚስተር ብታስሩት ይጋላል።

ጋሼ በዚያው ዲስትሪቢዩተሩንም ከፍተው አሳዩኝ። ኮንታክቱ ቆሽሾ ስለነበር በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ተጠረገ። ክፍተቱ ኮንታክቱን በሚከፍተው ካም ጫፍ ላይ ሲቆም ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ አጠገቡ ያለችው ኮንደንሰር ናት። የካንዴላ ገመዶቹን ስትነቅሉ ተራቸውን ምልክት አድርጉ፤ የዚህ ሞተር ተራ 1-3-4-2 ነው።

እሳት ለማየት የቦቢናውን መሃል ገመድ በሚገባ በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲም ያህል አርቁት። ሲዞር ሰማያዊ ሆኖ «ጧ» እያለ ከዘለለ ጥሩ ነው። ቀጭን ብርቱካናማ ከሆነ ደካማ ነው። ይህ ከ10,000 ቮልት በላይ ነው። በባዶ እጅ አትያዙ። ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብ ደግሞ በፍጹም። ክረምት ላይ ሌላ ጥሩ ዘዴ አለ። ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ገመዶቹ ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ከተሰነጠቁ ሰማያዊ እሳት ሲሾልክ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሱሉልታ ሌሊት ጨለማው ድቅድቅ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

የወጡት ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው ነበር። ጋራዥ ያሳዩኝም «ይኸው፣ አይሠሩም» ብለው ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ ክፍተታቸውን 0.8 ሚሊ ሜትር አድርገን፣ የድሮዎቹን መለስናቸው። እስካሁን በእነሱ ነው የምሄደው። አዲሶቹ በመጠባበቂያነት መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ካርቡሬተሩን በኋላ ለብቻው አስተካከልነው።

ጋሼ ገንዘብ አልወስድም አሉ። በየጠዋቱ አንድ ሊትር ወተት በራቸው ላይ አኖራለሁ። ዳሽቦርዱ ሥር አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቁጥሮቹን እጽፋለሁ። ሳይነሳ፣ ሲዞር፣ ሲሞላ፣ የኔጌቲቩ ብክነት። የወንድሜ ልጅ ቴስተሩን ይይዛል፤ እኔ ቁልፉን አዞራለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ 12.6፣ 10.9፣ 14.0 እና 0.15 ተጽፏል።